ጋሼ ሲመጡ የተከፈተው ሙዚቃ

ሾፌሩ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው አንድ ብቻ ነበር፤ ካሴት ማዳመጥ። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የለቀማቸው ካሴቶች ከቁም ሳጥን ተርፈው አልጋ ሥር ገብተዋል፤ ሚስቱ መጥረጊያ በሰደደች ቁጥር አንድ ዘፋኝ ጎትታ ታወጣለች። ቴፑ ደግሞ አርጅቶ ካሴት እየበላ አስቸገረ። ይህን ያየች ልጃቸው አንድ ቀን ከመሥሪያ ቤቷ ስትመለስ አንዲት ትንሽ ጥቁር ሳጥንና ሦስት ስፒከሮች ይዛ ከች አለች። አንዱን ሳሎን፣ አንዱን ማድ ቤት፣ አንዱን መኝታ ቤት ሰካችና፦

"አባዬ፣ ዘፈኖችህ በሙሉ እዚች ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ በቤታችን ዋይፋይ በፈለግከው ክፍል ትሰማቸዋለህ። ከስልክህ ላይ መምረጥ ብቻ ነው" አለችው።

"ኢንተርኔት ቢጠፋስ?"

"ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ከቤት አይወጣም፤ እዚሁ ከክፍል ክፍል ነው የሚዞረው።"

ሾፌሩ ይህን ሲሰማ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ከቤት የማይወጣ ነገር ይወዳል።

ልጅቱ የመቅጃውን ገመድ ሰጥታ፣ አቀዳዱንም አሳይታው ሄደች። እሱ ግን መመሪያ የሚባል ነገር አይገባው! ገመዱ አልሰካ ሲለው መሳቢያ ውስጥ ወረወረውና ስልኩን ከቴፑ ፊት ለፊት አቁሞ መቅዳት ጀመረ። "ድምፅ ድምፅ ነው" አለ። በሚቀዳበት ሰዓት ቤቱ ውስጥ ዝምታ ታወጀ። ሚስቱ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ እዚያው ሳሎን ነው ያለው፤ ዝም በይ ቢሏት እሺ የምትል ሴትም አይደለችም፤ አዋጁን እሱም ራሱ ይረሳዋል። ከቀዳ በኋላ መልሶ ሰምቶ ማረጋገጥ ነበረበት። አላረጋገጠም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ማፍሰሱንም አላወቀ።

አሁን ወደ ጋሼ እንምጣ። ጋሼ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ፣ ወላጆቻቸው ሲሞቱ እህታቸውን እንደ አባትም እንደ እናትም ሆነው ያሳደጉ። ክፉ ቃል ከአፋቸው የማይወጣ ሰው ናቸው። ብቻ ይዘፍናሉ። ማይክ ካዩ አያልፉም፤ ድምፃቸው ደግሞ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ዘይት የጠማው በር ነው። ልጅቱ የተመረቀች ዕለት በግብዣው መሀል ማይኩን ያዙ። አንዱን ዘፈን ጨርሰው ሁለተኛውን ቀጠሉ። እንግዳው እርስ በርሱ እየተያየ መሳቅ ሲጀምር ሾፌሩ አላስችል አለውና ግድግዳ ግድግዳውን ሄዶ የድምፅ ማጉያውን ሶኬት ነቀለው። መብራት የጠፋ ያስመስላል ብሎ ነበር። አምፖሉ ግን ቦግ ብሎ ይበራል። ጋሼ አፋቸውን እንደከፈቱ ሲዞሩ ገመዱን በእጁ አዩት። ማይኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ፣ ኮታቸውን ለበሱ፣ ወጡ። ከዚያ ወዲህ የእህታቸውን ደጃፍ አልረገጡም።

ሚስትየው ተለማመጠች፣ አለቀሰች፣ ስልክ ደወለች። ያለ እሳቸው እህት ወንድም የላትም። በመጨረሻ "እሺ፣ እሑድ ለምሳ እመጣለሁ፤ ቆይታዬ ግን አጭር ነው" አሉ። እሑድ ጠዋት፣ ልጅቱ ሥራ ገብታ ሳለ፣ ባሏን ማድ ቤት አስገብታ በሩን ዘጋች።

"ስማ፣ ዛሬ ተቀይሞ ከወጣ ወንድሜን አጣሁት ማለት ነው። ከእንግዲህ የሚመጣው ለቀብሬ ነው።"

"እኔ ምን አደርገዋለሁ?"

"ምንም አታድርግ። አፍህን ለመብላት ብቻ ክፈተው።"

"ይቅርታስ ልበለው?"

"ትችላለህ?"

ሾፌሩ ጣራ ጣራውን አየ። ይቅርታ የምትባለው ቃል ጉሮሮው ላይ እንደ አጥንት ነው የምትሰነቀርበት። "እስቲ እናያለን" አለ።

ጋሼ በሰዓታቸው መጡ። ኮታቸውን ሳያወልቁ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ደህና ነዎት ጋሼ?" አለ ሾፌሩ።

"ደህና።"

"ቤተሰብ ደህና?"

"ደህና።"

"ሙቀቱ ከብዷል መቼም።"

"ወቅቱ ነው።"

በዚሁ ወሬ አለቀ። ሾፌሩ ዝምታውን በምን ይሙላው? ልጄን እግዜር ይስጣት አለና ስልኩን አወጣ።

"አንድ ነገር ላሳይዎት ጋሼ" ብሎ "ሁሉም ክፍሎች" የሚለውን ነካ። ዘፈኑ ሳሎን ጀመረ፤ ማድ ቤቱም መኝታ ቤቱም አብረው ተቀበሉ።

ጋሼ ሳይወዱ በግድ ቀና አሉ። "ከየት ነው የሚመጣው?"

"ከሳጥኗ። እዚያ ቁም ሳጥኑ ላይ ናት። እጅዎን ሊታጠቡ ቢሄዱ እንኳ ይከተልዎታል።"

ጋሼ ነገሩን ሊያረጋግጡ ይመስላል እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ። እውነትም ተከተላቸው። ሲመለሱ ኮታቸውን አውልቀው በሩ አጠገብ ሰቀሉት። ሚስትየው ከማድ ቤት ብቅ ብላ የተሰቀለውን ኮት አየችና ባሏን በዓይኗ መረቀችው። እሱም ደረቱን ነፋ።

ምን ዋጋ አለው! ዘፋኙ ሁለተኛውን ስንኝ ሊያነሳ ሲል መሀል ላይ የስፌት መኪና ተንጣጣ። ቀጥሎ የሚስቱ ድምፅ፦ "ኧረ ምሳው ቀዘቀዘ! ስንቴ ልጥራህ?" ቀጥሎ የሱ፦ "መጣሁ አልኩሽ እኮ!"

ጋሼ ወደ ማድ ቤቱ አዩ፤ ምንም የጠራ የለም። ወደ ሾፌሩ አዩ፤ እሱም አፉን አልከፈተም።

"እ... ሲቀዳ ትንሽ ገብታበት ነው" አለ ሾፌሩ እየሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ የራሱ ድምፅ ከዘፋኙ ጎልቶ መጣ።

"ወንድምሽ ዛሬም ስልክ አላነሳም? ይተወዋ! ያንን ድምፅ ብሎ ደግሞ መኩራት..."

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የዚያን ቀን ግን የጋሼ ጆሮ ዘመድ ሆነላቸው። ሾፌሩ ስልኩን አፈፍ አደረገ። መነጽሩን አላደረገም፤ ማቆሚያ መስሎት የነካው ድምፅ መጨመሪያውን ኖሯል።

"...የታነቀ ፍየል!" አለ ቤቱ በሙሉ።

ዘሎ የሳሎኑን ስፒከር ነቀለ። ሳሎኑ ጸጥ አለ፤ ማድ ቤቱ ግን ሐሜቱን ቀጥሏል። ጋሼ ብድግ አሉ። ሾፌሩ ሊወጡ ነው ሲል እሳቸው ወደ ማድ ቤቱ አመሩ።

"ኧረ ጋሼ፣ የማይረባ ነገር ነው፣ ይተዉት!"

"ስለ እኔ አይደል የሚወራው? ልስማ እንጂ።"

ማድ ቤት ውስጥ የተቀዳው ሾፌር ጋሼን እያስመሰለ ይዘፍናል። ሚስትየው ጭልፋ እንደያዘች ደርቃ ቀርታለች፤ ምክንያቱም ከዘፈኑ ሥር የሚንከተከተው ሳቅ የራሷ ነው። ጋሼ ያን ሳቅ ከሕፃንነቷ ጀምረው ያውቁታል። ፊታቸው ጠቆረ። የባልየው ስድብ አልገረማቸውም፤ የእህታቸው ሳቅ ግን ወጋቸው። ምንም ሳይናገሩ ዞረው ኮታቸውን ሊያነሱ ሄዱ።

"ጋሼ! ጋሼዬ፣ በሞቴ!" አለች ጭልፋዋን ጥላ።

ሾፌሩ የማድ ቤቱን ነቅሎ ወደ መኝታ ቤት በረረ። የዚያኛው ሶኬት ከአልጋው ጀርባ ነው። በሆዱ ተኝቶ በካሴቶቹ መሀል እየተሳበ ገባ፤ እጁ ግን አልደርስ አለው። ጋሼ አንድ እጃቸውን ኮቱ ውስጥ አግብተው በመኝታ ቤቱ በር ሊያልፉ ሲሉ ቆሙ። ውስጥ ያለው ሳቅ ወደ ልቅሶ ተለውጧል።

"ምን ሆንሽ? አሁን ስትስቂ አልነበር?" ይላል የሾፌሩ ድምፅ።

"ናፈቀኝ። ይምጣልኝና እንደ ፍየልም ይዝፈን። እሱ ከቀረ ወዲህ ቤቱ ባዶ ሆነብኝ።"

ዘፋኙ ጥቂት ብቻውን ዘፈነ። ከዚያ ሾፌሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ፦ "እኔ ነኝ ጥፋተኛው። አንቺን አሳደገ፣ ልጃችንን በእቅፉ አሳደገ፤ እኔ በሰው ፊት አዋረድኩት። ትዝ ሲለኝ እንቅልፍ ይነሳኛል።"

"ታዲያ ለምን ለሱ አትነግረውም?"

"እንዴት ብዬ? ፊቱን ሳይ ምላሴ ይተሳሰራል።"

የካሴቱ ገጽ አለቀና ቀጭ አለ። ጋሼ ወደ ክፍሉ ገብተው አልጋው ላይ ተቀመጡ። ከአልጋው ሥር ሁለት እግሮች ብቻ ይታያሉ።

"ውጣ ከዚያ" አሉ።

"እዚሁ ይሻለኛል ጋሼ።"

"ውጣ እንጂ ሰውዬ!"

"ትንሽ ይታገሱኝ። ከዚህ ሆኜ ፊትዎ አይታየኝም።" አቧራው አስነጠሰው። ከዚያ አጥንቷ ከጉሮሮው ወጣች፦ "አጥፍቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ።"

ጋሼ እጃቸውን ከኮቱ አወጡ።

"ድምፄ እንደማያምር የማላውቅ መሰለህ?" አሉ። "ስንት ዓመት ተማሪ ሲስቅብኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። የዚያን ቀን ሁለተኛውን ዘፈን ግን እኔ ነበርኩ የገጠምኩት፤ ለልጅቱ። ስሟ ያለው የመጨረሻው ስንኝ ላይ ነበር። እሱ ላይ ልደርስ ስል ነቀልከው።"

በር ላይ የቆመችው እህታቸው ሽርጧን አፏ ላይ ያዘች። ሾፌሩ ፀጉሩ አቧራ ለብሶ ከአልጋው ሥር እየተሳበ ወጣና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አፍሮ ምድር ብትውጠው ደስ ባለው፤ ቢሆንም ቀና ብሎ ፊታቸውን አየ።

"አሁን ይበሉት" አለ።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ዘፈኑ። ምን ልዋሽ፣ የታነቀ ፍየል ነበር፤ ጎረቤት ያለ ውሻ ሁሉ ጮኸ። የልጅቱ ስም ላይ ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ተሰበረ፣ ሾፌሩም ዕንባው በጉንጩ ወረደ። እስኪያልቅ ሰማቸው።

"ይድገሙት" አለ ሲያልቅ።

ጋሼ ሁለቴ መለመን አይወዱም፤ ደገሙት።