ሃምሳ ደቂቃ ከጅቡቲ

ከጅቡቲ ድሬዳዋ በአየር ሁለት መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አውሮፕላን በሃምሳ ደቂቃ ይጨርሰዋል። ጌጤነህ ግን ይህችኑ መንገድ መብረር ከጀመረ ሰባት ዓመት ሆነው።

አውሮፕላኑስ በሰዓቱ አርፏል። ሌላው ተሳፋሪ ሻንጣውን እየጎተተ ወርዷል። ጌጤነህ ግን ሲወርድ አልታየም፤ ወንበሩ ባዶውን ተገኘ። ቀበቶው እንደታሰረ ነው፤ መቀመጫውም ገና አልቀዘቀዘም።

ጌጤነህ ሚስቱን እትዬ ዘውድነሽን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ትቶ ለሥራ ጅቡቲ ወረደ። በዓመቱ የእድር ሽማግሌዎች ንጋት ላይ መርዶ ይዘውላት መጡ። ደረቷን ደቃች፣ ጠጉሯን ተላጨች፣ ከል ለበሰች፣ በሬ ጥላ ተዝካር አወጣች። ለካ የሞቱን ወሬ የላከው ራሱ ሟቹ ኖሯል! እዚያ በረዶ እየሸጠ ሌላ አግብቷል። ሚስት ለመፍታት ሽማግሌ ፊት መቅረብ አለ፤ ለመሞት ግን የለም።

ከሃያ ዓመት በኋላ የጅቡቲዋ ሚስቱ ስታባርረው ደወለ።

"ዘውዴ፣ አልሞትኩም። ሐሙስ እመጣለሁ።"

"ና" አለችው። ስልኩን ዘጋችና ከሉን ከሳጥን አውጥታ ለበሰች። ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። እሱ ግን አልወረደም።

ስልኩ ግን ይሠራል።

"ዘውዴ፣ የቤታችን ቆርቆሮ ይታየኛል። ላርፍ ስል መሬቱ ይርቃል።"

"ቀበቶህን እሰር።"

"ሰው ሁሉ ወርዷል እኮ! ብቻዬን ነኝ።"

"እኔስ ሃያ ዓመት ከማን ጋር ነበርኩ?"

ዘንድሮ ሽማግሌዎቹ እንደገና ንጋት ላይ መጡ። ፊት ፊት የመሩት ያኔ መርዶውን የነገሯት ጋሽ አሰግድ ናቸው።

"ዘውድነሽ፣ በይ ከሉን አውልቂና ይውረድ። ሰውየው አየር ላይ አረጀ እኮ።"

"ሞተ ያላችሁኝ እናንተ። እኔ የተነገረኝን አልቅሻለሁ። አሁን አለ ካላችሁ እንባዬን መልሱ። የተዝካሩንም ሥጋ። ጋሼ፣ እርስዎ ሁለቴ አስጨምረዋል፤ ከእርስዎ እንጀምር።"

ጋሽ አሰግድ ጫማቸውን ተመለከቱ።

"ከሉም ቢሆን ያልቃል" አሉ ቀስ ብለው። "ይኸው ክርንሽ ጋ ተቀዷል።"

"እጥፈዋለሁ። ስሞትም ከነከሌ ነው የምትቀብሩኝ።"

ከዚያ ወዲህ የጠየቃት የለም።

ሐሙስ ስድስት ሰዓት ሲሆን አውሮፕላኑ በግቢዋ ላይ ያልፍና ያርፋል። ጥቂት ቆይቶ አንድ ጥላ ብቻውን ይመጣል፤ ጉልበቱን ገጥሞ የተቀመጠ፣ ጭኑ ላይ ቦርሳ ያቀፈ ሽማግሌ። እትዬ ዘውድነሽ ብድግ ትልና ያሰጣችውን በርበሬ ከመንገዱ ትጎትታለች። ጥላ ለበርበሬ አይሆንም። ደጃፉ ጋ ሲደርስ ጥላው አንድ እግሩን ወደ ታች ይዘረጋል። የግቢው አፈርም በዚያችው ልክ ዝቅ ይላል።