የአጎቴ የክረምት ሰዓት

በጥቅምት ወር፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ሩባን ለወንድሜ ለቁሰይ እንዲድሩልን ልንለምን ሰልጥ ከተማ ሄድን። ሃያ ሰባት ወንዶች ነበርን፤ የሚናገረው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አጎቴ አቡ ነዋፍ። አባታችን ከሞተ ወዲህ የቤታችን አፍ እሳቸው ናቸው።

የሩባ አባት አቡ ሐምዲ ሁለት ዓመት ሙሉ እንቢ ብለውናል። በመጨረሻ "ሽማግሌው አቡ ነዋፍ ከሆኑ ዓርብ አሥር ሰዓት ይምጡ" አሉ። አሥር ሰዓት ሲሆን ሁላችንም ከሰፈራቸው መግቢያ ቆመናል። አጎቴ የሉም።

የሚኖሩት አጅሉን ነው፣ የአንድ ሰዓት መንገድ። አሮጌ ፒካፓቸውን ራሳቸው ካልነዱ ሞቼ እገኛለሁ ይላሉ። ስልካቸው እንደ ወትሮው ዝግ ነው። የሚያምኑት ታብሌታቸውን ብቻ ነው። ታብሌቱ አሥር ዓመት አልፎታል፤ የቤተሰባችን የመልእክት ቡድን እንኳ ከላዩ ላይ ከጠፋ ቆይቷል። "ይህ መሣሪያ ከእንግዲህ አይታደስም" የሚል ጽሑፍ ሲመጣባቸው፣ "እኔስ መቼ ታደስኩ?" ብለው በጣታቸው ገፋ ያደርጉታል። አዲስ ልግዛልዎት ብላቸው፣ "እሱ አልረበሸኝም፤ የምትረብሸኝ አንተ ነህ" አሉኝ።

የሩባ አጎት ሁለት ጊዜ ወጥቶ አየን። በሦስተኛው፣ "ልትለምኑ ነው የመጣችሁት ወይስ ልታሾፉብን?" አለ።

"ሌላ ሰው ይናገር" አለኝ ቁሰይ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ያለ እሳቸው ማን ያስገባናል?" አልኩት። ውስጤ ግን በንዴት እየበገነ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ፒካፑ መጣ። አጎቴ ካባቸውን ደርበው፣ ሽቶ ሽቶ እየሸተቱ ወረዱ።

"ምነው፣ ሁላችሁም ቀድማችሁ መጣችሁ?"

"አጎቴ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ እኮ!"

ታብሌቱን አውጥተው አሳዩኝ፤ አሥር ሊሆን ነው ይላል። ነገሩ ያኔ ገባኝ። በየዓመቱ በዚህ ዓርብ፣ ቀኑ ማጠር ሲጀምር፣ ሰዓታችንን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ እንመልስ ነበር፤ የክረምት ሰዓት እንለዋለን። ዘንድሮ መንግሥት የክረምቱን ሰዓት አስቀረው። ታብሌቱ ግን ስላልታደሰ በልማዱ ሌሊቱን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሷል።

"የክረምት ሰዓት መቅረቱን አልሰሙም?"

"በራዲዮ ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ?"

"ታብሌቱም የሰማ መስሎኝ ነበር!"

ወደ አቡ ሐምዲ ቤት ገባን። በየፊታችን መራራ ቡና ተቀዳ። በልማዳችን የልመናው መልስ ሳይሰማ ሲኒ የሚያነሳ የለም። አቡ ሐምዲ ግድግዳውን ያያሉ፤ አጎቴን አያዩም። አጎቴ እንዲህ ባለ ቀን ከነቢያት ጀምረው፣ በአያቶች አልፈው፣ በግጥም የሚጨርሱ ሰው ናቸው። የዛሬው ንግግራቸው ሌላ ሆነ።

"አንድ ሰዓት አስጠብቄያችኋለሁ" አሉ። "ጥፋቱ የኔ ነው፤ የልጁ አይደለም። ልጆቼ ይህን ዕቃ ቀይር እያሉ ሲለምኑኝ እንቢ አልኩ። ገንዘብ ቸግሮኝ አይደለም። አዲሱን መልመድ እንዳያቅተኝ ፈርቼ ነው። ይህን ለነሱም ነግሬያቸው አላውቅም። ቁሰይ ግን ቀጠሮ የሚያከብር ልጅ ነው። ሩባን ስጡት።"

በዚህ ዕድሜዬ ያን ያህል ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም። ያሳፈረኝ የሳቸው ነገር አይደለም፤ የራሴ ነዝናዛነት ነው።

አቡ ሐምዲ ግድግዳውን ማየት ተዉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ አጎቴ አዞሩ።

"አንድ ነገር ካላሟላችሁ አልሰጥም።"

ቁሰይ ወደ እኔ ዞረ።

"የሠርጉን ሰዓት ለአቡ ነዋፍ ማንም እንዳይነግራቸው። እኔ ራሴ አጅሉን ድረስ ሄጄ ይዣቸው እመጣለሁ። በሉ፣ ቡናችሁን ጠጡ።"

አጎቴ ሲኒያቸውን በሁለት እጃቸው አነሱ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"ታዲያ እንዳታረፍድ" አሉ።