አሥራ አምስተኛው ስም

ዓርብ የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ስለነበር የከተማው ዩኒቨርሲቲ ደረጃ ላይ እግር ማሳረፊያ አልነበረም። ሰልፉ አራተኛ ፎቅ ካለው የሬጅስትራር መስኮት ይጀምራል፤ እየተጠማዘዘ ይወርድና ከቆመ ዓመት ያለፈውን ሊፍት አልፎ፣ በሩ ላይ ቱሮን የሚሉትን የሙዝ ጥቅል ከምትጠብሰው ሴትዮ ድስት ጎን ያልቃል። ለስድስት ሺህ ሰው በተሠራው ሕንፃ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ተማሪ በሦስት ፈረቃ ይማራል። የጠዋቶቹ የተነሡበት ወንበር ሳይቀዘቅዝ የከሰዓቶቹ ይቀመጡበታል። ማኒላ ውስጥ ደግሞ ምንም ነገር ቶሎ አይቀዘቅዝም።

ኤልፒዲዮ ማካራዬግ ይቅርታ እየጠየቀ፣ በክርኑም እየገፋ ወደ ላይ ወጣ። የያዘው ወረቀት ላይ አሥራ አራት ስም ሰፍሯል። የሚያስፈልገው አሥራ አምስት ነበር።

በፕሮግራሙ ያልወጣ ኮርስ እንዲከፈትላቸው የሚፈልጉ ተማሪዎች አቤቱታ ጽፈው ይፈርማሉ። አሥራ አምስት ሰው ፈርሞ ከተመዘገበ ኮርሱ ይከፈታል፤ አንድ ከጎደለ ይሰረዛል። ኤልፒዲዮ የሚያስተምረው ናሙና አወሳሰድን ነው፤ የስታቲስቲክስ ተማሪ ያለዚህ ኮርስ አይመረቅም። ከፈረሙት ውስጥ አሥራ ሦስቱ ጊዜ ያላቸው ናቸው፤ ዘንድሮ ባይሆን ሌላ ጊዜ ይወስዱታል። አሥራ አራተኛዋ ጁቬሊን ግን ጊዜ የላትም። ጎርፍ ሰፈራቸውን ባጥለቀለቀበት ወር ያቋረጠችው ይህ አንድ ኮርስ ብቻ ቀርቷታል። በነፃ የመማር መብቷ በዚህ ሴሚስተር ያበቃል፤ ኮርሱ ደግሞ አሁን ካመለጣት በመደበኛው ፕሮግራም የሚመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በሰኔ እንቀጥርሻለን ያላት መሥሪያ ቤት ሁለት ዓመት ቁጭ ብሎ አይጠብቃትም።

አሥራ አምስተኛው ማርሎን የሚባል ልጅ ነበር። የስልክ ጥሪ ማዕከል ውስጥ ሥራ አግኝቶ ዛሬ ሥልጠና ላይ መሆኑን ጁቬሊን የሰማችው ከአንድ ሰዓት በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ደረጃው ላይ ቆማ የምታውቀውን ሁሉ እየደወለች ትለምናለች።

የሬጅስትራሯ ማም ሉዝቪሚንዳ እዚያ ወንበር ላይ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። ኤልፒዲዮ በጎን በር ገብቶ ጉዳዩን ሲያስረዳት ማኅተሟን ሳታስቀምጥ ሰማችው። ከዚያ ኮምፒውተሩ አሥር ሰዓት ሲሞላ ራሱ እንደሚዘጋ፣ እሷም ብትሆን እንደማትከፍተው ነገረችው። እሱ ሆላንድ አራት ተማሪ ይዞ ሙሉ ሴሚስተር ማስተማሩን፣ ማንም ለምን አራት ብሎ አለመጠየቁን አነሣ። ይህን ሲያወራ ራሱን መስማት አስጠላው። ከተመለሰ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ንግግሩ ሁሉ ግን አሁንም "እዚያ" እያለ ይጀምራል።

"ዶክተር፣ እዚያ የሚቆጠረው አበባ ነው አሉ" አለች ማም ሉዝቪሚንዳ። "እኛ የምንቆጥረው ሰው ነው።"

"አሥራ አራትና አሥራ አምስት ምን ልዩነት አላቸው?"

"እሱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ።"

መሳቢያዋን ሳበችና መመሪያውን አውጥታ ዘረጋችለት። ከሥሩ የተያያዘውን ጥናት ገና ሳያነበው አወቀው። ርዕሱ "የተማሪዎች ምዝገባና የተቋሙ ገጽታ" ይላል። ከውጭ በመጣ በሁለተኛው ወር የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጠርተው አሠሩት፤ እሱም ሦስት ሳምንት ተቀምጦ ሠራው። የአሥር ዓመት ምዝገባ፣ አንድ መምህር ስንት ተማሪ እንደሚደርሰው፣ አንድ ክፍል ስንት ሰው እንደሚይዝ። በፊት አሥር ሰው ከበቃ ኮርስ ይከፈት ነበር። ሰባተኛው ሠንጠረዥ ላይ ግን ከአሥራ አምስት በታች የሆኑ ክፍሎች መምህራኑን ስለሚይዙ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ስልሳ ሁለት ሆነው በአንድ ክፍል እንደሚታጨቁ አሳየ፤ በዚያ ምክንያት አሥሩ አሥራ አምስት ሆነ። ቁጥሩ ትክክል ነበር። አሁንም ትክክል ነው፤ የሚያበግነውም እሱ ነው። ስህተት ቢሆንማ ተሳስቻለሁ ብሎ ይገላገል ነበር።

በልዩ ሁኔታ ይታይልኝ እንዳይል፣ ያን የሚፈቅደው የዩኒቨርሲቲው ምክር ቤት ብቻ ነው፤ ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው ደግሞ በሚቀጥለው ወር ነው።

"እና ምን ላድርግ?"

"ሰው ያምጡ" አለችና ወደ መስኮቷ ዞረች።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፏል። ኤልፒዲዮ ሲወጣ ጁቬሊን ባትሪው ያለቀ ስልኳን ይዛ ደረጃው ላይ ቆማለች። ከኋላዋ የጥበቃ ደንብ ልብስ የለበሰ ሰው እያለከለከ ደረጃውን ወጣ። የሁለተኛው በር ጠባቂ ኩያ ክሪስፒን ነበር፤ ግቢው ውስጥ ትንሹም ትልቁም ታላቅ ወንድሙ ይመስል ኩያ ይለዋል። መታወቂያ የረሳ ተማሪ የሚለማመጠው እሱን ነው።

"ሰር፣ አንድ ሰው ጎደለ አሉኝ።"

"ኩያ፣ የጎደለን እኮ ተማሪ ነው።"

"እኔስ ምን ሆኜ ነው?" አለና ከደረት ኪሱ የደበዘዘ የተማሪ መታወቂያ አወጣ። ፎቶው ላይ ያለው ልጅ ፀጉሩ ሙሉ ነው።

የስታቲስቲክስ ተማሪ ኖሯል። ሦስቱም በጎን በር ገቡ፤ ማም ሉዝቪሚንዳ ቁጥሩን ስታስገባ ኤልፒዲዮ በትከሻዋ በኩል አየ። ስም፣ የገባበት ዓመት፣ የማቋረጥ ፈቃድ፣ ፈቃድ፣ ፈቃድ። ከታች በቀይ፣ ቀሪ ነፃ ሴሚስተር፦ አንድ።

ጁቬሊን በሁለት እጇ አፏን ይዛለች። የግድግዳው ሰዓት ለአሥር ሰዓት አሥራ አራት ደቂቃ ይቀረዋል ይላል። ኤልፒዲዮ ዝም ማለት እንደሚችል ታየው። ግን አልሆነለትም።

"ኩያ፣ በነፃ የምትማርበት አንድ ሴሚስተር ብቻ ነው የቀረህ። ዛሬ ከተመዘገብክ እሱም አለቀ።"

"አውቃለሁ ሰር። ለዚሁ ብዬ አይደል ያስቀመጥኩት።"

ከዚያ እየቸኮለ ነገራቸው። ሰባት ኮርስ ነው የቀረው። ሰባቱም በአንድ ሴሚስተር የተከፈቱ ዕለት ተመዝግቦ ሊገላገል አስቦ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በየምዝገባው በሩ አጠገብ የሚለጠፈውን ዝርዝር ሲያነብ ኖረ። አንድ ጊዜ ስድስት ደርሶ ነበር። አምና ሕጉን ከቀየሩት ወዲህ ግን ከሦስት ከአራት አልፎ አያውቅም፤ ትንንሾቹ ኮርሶች ይለጠፋሉ፣ ወዲያው በቀይ ይሰረዛሉ። ዘንድሮ አራት ናቸው፤ ይሄ ከተከፈተ አምስት።

"ሕጉን የቀየረው ማን እንደሆነ እንጃ" አለ። "ማንም ይሁን፣ ሰባቱ አብረው እንደማይከፈቱ ገብቶኛል።"

ማም ሉዝቪሚንዳ የኮምፒውተሯን ፊደላት መቁጠር የጀመረች ይመስል አቀረቀረች።

"እኔ ነኝ" አለ ኤልፒዲዮ። "ጥናቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

ክሪስፒን አየው። የተናደደ አይመስልም፤ መታወቂያ የሌለው ሰው ሲመጣበት እንደሚያየው አድርጎ ነው ያየው።

"ሲጽፉት ታች ወርደው ቢጠይቁኝ ጥሩ ነበር፣ ሰር። ስንት ሰው ዝርዝሩን አንብቦ፣ ኮርሱን አጥቶ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ እነግርዎት ነበር። የእናንተ ወረቀት ላይ እነሱ የሉም። አልተመዘገቡማ።"

ኤልፒዲዮ ናሙና አወሳሰድ የሚያስተምር ሰው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ለተማሪዎቹ የሚነግራቸው ነገር ቢኖር ይኸው ነበር፤ ማንን እንደቆጠራችሁ ብቻ ሳይሆን ማን ሳይቆጠር እንደቀረ ጠይቁ ይላቸዋል። ዘጠኝ ዓመት ተምሮ የመጣውን ነገር ጠባቂው በር ላይ ቆሞ ያውቀዋል።

"ኩያ፣ ተወው" አለች ጁቬሊን፣ ድምጿ እየተቆራረጠ። "ነፃ ሴሚስተርህ በእኔ ምክንያት ማለቅ የለበትም።"

"አንቺ ደግሞ ዝም በይ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው። ማም፣ ይጻፉኝ።"

"አምስቱንም?"

"አምስቱንም።"

"የቀሩት ሁለቱስ?"

"እነሱን ከፍዬ እማራለሁ። ካልሆነም አልማርም።"

ማም ሉዝቪሚንዳ በሁለት ጣቷ እየመታች አስገባችው። አሥር ሰዓት ሊሞላ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ማተሚያው ወረቀት ተፋ። ኮርሱ ተከፍቷል። ጁቬሊን ለታላቅ በሚሰጥ አክብሮት ግንባሯን የክሪስፒን እጅ ላይ አስነክታ፣ ወረቀቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች፤ መስኮቱ ላይ የተሰለፉት ምን እንደሆነ ሳያውቁ አጨበጨቡ። ኤልፒዲዮ የመጣበትን አግኝቷል። እሱ ግን አላጨበጨበም።

ክሪስፒን ባርኔጣውን አድርጎ ሊወርድ ሲል ወረቀቱን ተመለከተና ቆመ።

"ሰር፣ ይሄ ማክሰኞና ሐሙስ ሰባት ሰዓት ነው የሚለው። ሰባት ሰዓት ላይ እኔ በር ላይ ነኝ።"

"እንቀይረዋለና። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት እናድርገው፣ ከተረኝነትህ በፊት።"

ማም ሉዝቪሚንዳ ከሌላ መሳቢያ ሌላ ቅጽ አወጣችለት። ሰዓት ለመቀየር የተመዘገቡት አሥራ አምስቱም መፈረም አለባቸው፤ እስከ ሰኞ እኩለ ቀን ካልገባ ሰዓቱ እንዳለ ይጸናል።

"እሱንም እኔ ነኝ የጻፍኩት?" አላት።

"ይሄኛው ከእርስዎ በፊትም ነበር" አለችው። ያለ ፌዝ የተናገረችው ይህን ብቻ ነበር።

ጁቬሊን ፈረመች። ክሪስፒን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ፈረመና ወደ በሩ ሮጠ፤ ተክቶት የቆመው ጓደኛው በሬዲዮ እየተሳደበ ነበር። አሥራ ሦስት ፊርማ ቀረ። ከአሥራ ሦስቱ ስንቱ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ክፍል ብሎ በሌሊት እንደሚነሣ፣ ስንቱ አሁን ግቢ ውስጥ እንዳለ፣ ስንቱ ጂፕኒ ተሳፍሮ እንደሄደ ኤልፒዲዮ አያውቅም። ሰልፉ ከመስኮቱ እስከ በሩ ድረስ እንዳለ ነበር፤ አሥር ሰዓት ሞልቶ መስኮቱ መዘጋቱን ታች ላሉት የነገራቸው የለም።

እስክሪብቶውን ከፈተ። የላይኛው ደረጃ ላይ ቆሞ ካልፈረሙት የመጀመሪያውን ስም ጮክ ብሎ ጠራ። ሰዎች ዞረው አዩት። አቤት ያለ ግን አልነበረም፤ አንድ ፎቅ ወረደና እንደገና ጠራ።