ስፌት የማይታይባት ጀልባ

ልብስ ሰፊው ዋና አይችልም። ጀልባ ላይ ወጥቶም አያውቅም። ከሐይቁ ጋር የነበረው ትውውቅ በሱቁ መስኮት በኩል ከሩቅ ሰላም ከመባባል አያልፍም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በስድሳ አራት ዓመቱ ጀልባ ሲገዛ ሰፈሩ ምን እንዳለ መገመት አያቅትም። ደግነቱ ሰፈርተኛው ጨዋ ስለሆነ ፊት ለፊቱ አልሳቀበትም፤ ጥጉን እስኪታጠፍ ታግሶ ነው የሳቀው።

ጀልባዋም ብትሆን ጀልባነቷ የሚታወቀው በሻጩ አፍ ብቻ ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ በአንድ ዓሣ አጥማጅ ጓሮ ተደፍታ ዶሮ ስታሳድር የኖረች የፋይበር ጀልባ ነች። ሆዷ አራት ቦታ ተሰንጥቋል፤ ቀለሟ የቱ ቀለም፣ የቱ ኩስ እንደሆነ አይለይም። ሻጩ ‹‹ትንሽ መነካካት ብቻ ነው የምትፈልገው›› አለው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና፣ ልብስ ሰፊው አመስግኖ ወሰዳት።

ነገሩ እብደት ብቻ አልነበረም። ሰውየው አርባ ዓመት ሙሉ የሙሽራ ሱፍ ሲሰፋ ኖሮ፣ ዓይኑ መድከም እጁም መንቀጥቀጥ ጀመረ። በመጨረሻ የሰፋው ኮት የግራ እጅጌው በቀኝ፣ የቀኙ በግራ ገባና ሙሽራው በሠርጉ ቀን ወደ ኋላ ሊራመድ የተነሳ ሰው መስሎ ዋለ። በሳምንቱ ልብስ ሰፊው ማንም ሳይነግረው ሱቁን ዘጋ። ከዚያ በኋላ ቤት ተቀምጦ የሚስቱን ድስቶች በቁመታቸው ቅደም ተከተል መደርደር ያዘ። ይኼኔ ነው ልጃቸው ከትልቁ ከተማ ደውላ ‹‹አባዬ፣ በቃ እኔ ጋ ኑ። ቤቱን ሽጡት። ክፍላችሁ ተዘጋጅቷል፤ ቴሌቪዥንም አለው›› ያለችው።

ክፍሉን አይቶታል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ ሲከፈት የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ‹‹እንደምን አደርክ›› ይላል።

‹‹እኔ ገና ሥራ አለኝ›› አላት።

‹‹የምን ሥራ?››

የምን ሥራ እንደሆነ ስላላወቀ ነው በማግስቱ ጀልባ የገዛው።

ልጅቷም የአባቷ ልጅ ነች፤ አልለቀቀችውም። ‹‹እሺ፣ ክረምት ሳይገባ እመጣለሁ። እማዬን ጭነህ፣ እዚያ ሐይቁ ውስጥ ያለውን የዓሣ አጥማጆቹን ምሰሶ ዞረህ በደህና ስትመለስ ካየሁ ዳግመኛ አልናገርም። ካልሆነ ግን ጓዛችሁን ትጠቀልላላችሁ።›› እሱም በደም ፍላት ‹‹ተስማምቻለሁ!›› አለ። ሚስቱን የጠየቃት የለም። እሷም ምንም አላለች። ይህ ሰው ደግሞ ዝም ያለ ሁሉ ከልጁ ጋር የተስማማ ይመስለዋል፤ እሷ ከልጇ ጋር መኖር እንደምትፈልግ በልቡ ወስኖላት ቁጭ አለ።

ሥራው ተጀመረ። ፍሌክስ የሚሉትን መሞረጃ ማሽን ተውሶ፣ የጀልባዋን ሆድ ይሞርድ ገባ። የፋይበር ብናኝ ከቆዳ ውስጥ እንደሚሰካ የነገረው አልነበረም፤ ቢነግሩትም አይሰማም። በአጭር እጅጌ ሸሚዝ፣ አንገቱን ከፍቶ ዋለ። ሳምንቱን ሙሉ በር ባገኘ ቁጥር ጀርባውን እያሻሸ ከረመ።

‹‹አይ ጣውንቴ!›› አለች ሚስቱ የተቧጨረ ክንዱን ቅባት እየቀባች። ‹‹ጥፍርም አላት ለካ።››

ከዚያን ቀን ጀምሮ የጀልባዋ ስም ጣውንቴ ሆኖ ቀረ። ምሳ ሲዘገይ ‹‹ጣውንቴ ጋ ብላ››፣ ሙጫ ሲሸት ‹‹የጣውንቴ ሽቶ›› ትላለች። ሙጫውን ከማድረቂያው ጋር ሲደባልቅ ‹‹ትንሽ ቢበዛ ምን ይላል›› ብሎ ማድረቂያውን አብዝቶት ጣሳው በእጁ ላይ ሲጨስ ደግሞ፣ ባልዲ ውሃ ይዛ ወጥታ ‹‹ተቆጥታለች መሰለኝ›› አለችው።

ሐይቁ ዳር የዓሣ አጥማጆችን ጀልባ የሚጠግን አንድ ሰው አለ፤ ጣፊው ይሉታል። አፉን ከፍቶ የሚናገረው በሳምንት ሁለት ቀን ቢሆን ነው። አንድ ቀን በዚያ ሲያልፍ ቆመ። ልብስ ሰፊው ስንጥቁ ላይ በሙጫ የሚለጠፈውን የፋይበር ጨርቅ በወረቀት ልክ አውጥቶ፣ በጠመኔ አስምሮ፣ በምርጥ መቀሱ ቆርጦ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ከስንጥቁ ጫፍ ጋር ጠርዝ ለጠርዝ ያገጣጥማል። በሁለቱ መካከል ፀጉር አያስገባም።

ጣፊው ጥቂት አየና ‹‹ጋሼ፣ ይህ ነገር መደራረብ አለበት›› አለ። ‹‹ዙሪያውን በሰፊው ይላጡትና አንዱ ጨርቅ በሌላው ላይ ይውጣ። ሰው ሲጫንባት ሆዷ ይተነፍሳል። እንዲህ ጫፍ ለጫፍ ከሆነ ይከፈታል።››

ልብስ ሰፊው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ከላይ እስከ ታች ገረመመው። አርባ ዓመት ሙሉ ድርብርብ ስፌት የሰነፍ ሥራ ነው ሲል የኖረ ሰው፣ ጣፊ ሊያስተምረው!

‹‹ልጄ፣ እኔ ሰፊ ነኝ እንጂ ጣፊ አይደለሁም። ጥሩ ስፌት ማለት የማይታይ ስፌት ነው።››

‹‹እንዳሉ›› አለ ጣፊውና የሳምንቱን ንግግሩን ጨርሶ ሄደ።

ልብስ ሰፊው በመጋጠሚያዎቹ ላይ ስቱኮ ለቀለቀ፤ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያንሸራትት ድረስ ፈገፈገ፤ ሰማያዊ ቀለም ሁለቴ ቀባ፤ አላስችል ሲለው በጠርዟ ዙሪያ ነጭ መስመር ጨመረ። ሲያጌጡ ይመላለጡ የሚለውን ተረት የሚያውቀው ለሌሎች ሰዎች ነው። እውነቱን ለመናገር ግን አማረች። እጁ መንቀጥቀጡን የረሳው በዚያ ነጭ መስመር ላይ ነበር፤ አስምሮ ሲጨርስ ዞር ብሎ ዓይኑን ጠረገ፣ ‹‹የቀለሙ ሽታ ነው›› አለ፣ ያየው ሰው ሳይኖር።

ልጅቷ በቀጠሮዋ መጣች። ጀልባዋ ውሃ ላይ ወረደች፤ ባዶዋን ቀጥ ብላ ተንሳፈፈች። ልብስ ሰፊው ጣፊውን በዓይኑ ፈልጎ አገኘውና አገጩን ቀና አደረገ። ሚስቱ ገብታ ከፊቱ ተቀመጠች፤ ልጅቷ ዳር ቆማ በስልኳ መቅረጽ ጀመረች። መቅዘፍ ሲጀምር ወደ ፊት ከመሄድ ይልቅ ወደ ጎን ቢሄዱም ሄዱ።

ምሰሶው ጋ ሊደርሱ ሲሉ ‹‹ጧ!›› የሚል ድምፅ ተሰማ። አንዱ ልሙጥ ስፌት ተከፈተ። ቀጥሎ ሁለተኛው። ያ ፀጉር የማያስገባ መጋጠሚያ ውሃ ለማስገባት ግን ምንም አልተቸገረም።

መቅዘፉን አቆመ። ውሃው ጫማውን ሞልቶ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ደረሰ። መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋደመ።

‹‹በቃ›› አለ። ‹‹አበቃልኝ። ቤቱን እንሸጣለን። መቼም ለአንቺ ደስ ሳይልሽ አይቀርም።››

‹‹እማዬ!›› ስትል ጮኸች ልጅቷ ከዳር። ‹‹ምን ሆናችሁ ቆማችሁ? ውሃ ይገባል እንዴ?››

ሚስቱ ባሏን አየችው። ከዚያ ሰፊ ቀሚሷን ግራና ቀኝ ዘርግታ ውሃውን ሸፈነችው፤ አንድ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ‹‹ጠብታ የለም!›› ብላ ጮኸች። ‹‹ደረቅ ነው! አየሩ አምሮን ነው የቆምነው!››

በሌላ እጇ ጫማዋን አውልቃ፣ ከዳር በማይታየው ጎን በኩል ውሃውን ቶሎ ቶሎ ትቀዳና ትደፋ ጀመር።

‹‹ቅዘፍ›› አለችው።

‹‹ልጅሽ ጋ መሄድ የምትፈልጊ መስሎኝ…››

‹‹መቼ ጠየቅከኝ?››

ወደ ቤታቸው ዞሮ አየ፤ እሷ ግን ቀጠለች።

‹‹ሠላሳ ስምንት ዓመት በዚያች ቤት ኖሬ፣ አሁን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ግድግዳ ልቁጠር? ልጄን እወዳታለሁ፤ ግድግዳዋን አልወደውም። አንተ ከምትሰምጥብኝ ይቺ ብትሰምጥ ይሻለኛል።›› ጫማዋን ሞልታ ደፋች። ‹‹ቅዘፍ እንጂ አንተ ሰውዬ፣ ምሰሶውን ሳንዞር አይቆጠርም።››

ቀዘፈ። ምሰሶውን ዞሩ። ዳሩ ሲቀርብ ጣፊው ሱሪውን ጠቅልሎ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ጠበቃቸው፤ ወደ ጀልባዋ ጠጋ ልትል ያለችውን ልጅ ‹‹ጭቃ ነው እህቴ፣ እዚያው ሁኚ›› ሲላት ይሰማል።

‹‹ስማኝ›› አለች ሚስቱ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ፊቷ ግን ለስልኩ ፈገግ እንዳለ። ‹‹ነገ ጠዋት እዚያ ሰውዬ ዘንድ ትሄዳለህ። ‹አስተምረኝ› ትለዋለህ።››

ልብስ ሰፊው በዕድሜው ለማንም ያንን ቃል ብሎ አያውቅም። ጣፊው ገመዱን ለመቀበል እጁን ዘረጋ።

‹‹እሺ›› አለ ልብስ ሰፊው፣ ገመዱንም ሰጠው።