የብሌንደር ዳጣ

እናቴ በየማለዳው ንጹሕ ድንጋይ ቃሪያ ትቀባ ነበር። ሁለት ሦስት ቃሪያ ትሰነጥቅና የወፍጮውን ፊት ታሽበታለች፤ መጁን አጠገቡ ታጋድማለች፤ ከዚያ በረንዳው ላይ፣ አላፊ አግዳሚው እንዲያየው አድርጋ ትተወዋለች። እኔ በዚያን ሰዓት ጓዳ ውስጥ በሩን ዘግቼ፣ ሬዲዮኑን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ብሌንደር አስነሳለሁ። አራት ወር እንዲህ ኖርን። ወላይታ ሶዶ ውስጥ ዳጣ በብሌንደር ፈጨሁ ብሎ የሚናገር የለም፤ የሚፈጭ ግን ሞልቷል።

እናቴ ዓመለወርቅ ለጋሽ ዱባለ ሥጋ ቤት ዳጣ ማቅረብ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። እኛ ዘንድ ጥሬ ሥጋ ያለ ዳጣ አይቀርብም። ስለዚህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቃሪያውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉንና ኮሰረቱን ተንበርክካ በድንጋይ ፈጨች። ዘንድሮ የቀኝ እጇ አንጓ አበጠ። ኦቶና ሆስፒታል ያያት ሐኪም "ከእንግዲህ ወፍጮ የለም" አላት። እሺ አለች። በማግሥቱ ወፍጮው ላይ አገኘኋት።

በዚያው ቀን ወደ ከሊል ሱቅ ሄድኩ። ከሊል የውሃ ማፍያ፣ የእንቁላል መምቻ፣ የቡና መፍጫና ብሌንደር ይሸጣል፤ የተበላሸም ይጠግናል።

"ለጁስ ነው?" አለኝ።

"ለዳጣ።"

ሳቀ። "እውነቱን የነገርሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ሁሉም ለጁስ ነው ይሉኛል፤ ተቃጠለ ብለው ሲያመጡት ግን ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል።"

ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተምሬያለሁ፤ ትምህርቱ ግን የመጀመሪያውን ዳጣ ከመበላሸት አላዳነውም። ምላጩ ደረቁን ቃሪያ አልይዝ ሲለኝ ውሃ ጨመርኩበት። በሦስተኛው ቀን አረፋ አወጣ፤ ጋሽ ዱባለ ባልዲውን መለሰው። እናቴ በነጭ ሽንኩርቱ አሳብባ አለፈችው። ከዚያ ወዲህ ውሃ አልነካሁም። መጀመሪያ ጭማቂ ያለውን የቦሎሶ ዝንጅብል አስገባለሁ፤ እሱ ሲላላ ቃሪያውን ጥቂት በጥቂት፣ እንዳይሞቅ እያቋረጥኩ እፈጫለሁ። ጋሽ ዱባለ "የዓመለወርቅ እጅ ተመለሰ" እያለ ለሰው ማውራቱን ሰማን። እናቴ ኮራች። እኔ በገንኩ።

ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጋሽ ዱባለ ሳይነግረን መጣ። ከኋላው ሥጋ ቆራጩ ቲቶ ነበር፤ የእናቴ እኩያ ነው። ልክ ግቢው ውስጥ ሲገቡ ሬዲዮኑ ዘፈን ጨርሶ ጸጥ አለ። ብሌንደሩ ግን አላለም።

"ዓመለወርቅ! ወፍጮ ቤት ከፈትሽ እንዴ?"

"የጎረቤት ነው" አለች እናቴ።

"ጎረቤትሽ ጓዳሽ ውስጥ ነው የሚኖረው?"

የብሌንደሩን ጆግ ይዤ ወጣሁ። "እኔ ነኝ። አራት ወር ሙሉ የሸጡት ይህንን ነው።"

"ለዚህ ነዋ ጣዕሙ የጠፋው!"

"ባለፈው ሳምንት እጇ ተመለሰ ያሉት እርስዎ አይደሉም?"

"አንቺ ኢንጂነር፣ ለትልቅ ሰው እንዲህ አይመለስም። ዳጣ ድንጋይ ይፈልጋል። የአባቶቻችን ወግ ነው።"

"ቢራውንስ በምን ነው የሚያቀዘቅዙት? በአባቶቻችን ምንጭ?"

ቲቶ መዳፉ ውስጥ አሳለ። ጋሽ ዱባለ ወደ እናቴ ዞረ። "የጊፋታውን ዳጣ እዚሁ ፊቴ በድንጋይ ጀምሪልኝ። ካልሆነ ሌላ ሴት እፈልጋለሁ።"

የጊፋታን ሥራ የያዘ ዓመቱን ይይዛል፤ ያጣም ዓመቱን ያጣል። እናቴ ወፍጮው ፊት ተንበረከከች። ያበጠው አንጓዋ መጁን ሲጨብጥ ፊቷ ተኮማተረ። ከእጇ ነጠቅኩና ለጋሽ ዱባለ ዘረጋሁለት።

"እርስዎ ይፍጩ።"

"እኔ? እኔ እኮ ወንድ ነኝ!"

"ዳጣው አያውቅም።"

ቲቶ በዚህ ጊዜ ማሳል አልቻለም፤ ሳቀ። ጋሽ ዱባለን ያናደደው ሳቁ ይመስለኛል። "አምጪ!" አለና ቁጢጥ ብሎ መጁን ወደ ፊት ገፋው። በሦስተኛው ግፊት የቃሪያ ፍሬ ዓይኑ ውስጥ ገባ። በዚያው በቃሪያ እጁ ዓይኑን አሸው።

"ውሃ! ውሃ አምጡ!"

እናቴ ሮጣ አስታጠበችው። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ "ሌላ ሴት እፈልጋለሁ!" እያለ ወጣ።

"የእንጀራዬን በር ዘጋሽው" አለችኝ እናቴ። እኔ ግን ይቅርታ አልጠየቅኩም።

በሦስተኛው ቀን ቲቶ ሁለት ባዶ ባልዲ ይዞ መጣ።

"ሌላ ሴት አላገኘም" አለ። "ኧረ ስንቷ ቤት ሄድን! ሁሉም ብሌንደር አላቸው። አንዷማ የሷ ከናንተው እንደሚበልጥ አስነስታ አሳየችን።"

"እና?" አለች እናቴ።

"እናማ ጋሼ ይወስዳል። ግን ወሬው እንዳይወጣ። ብሌንደሩ ጓዳ ይሁን፤ ድንጋዩ በረንዳ ላይ ይታይ። እኔም ለበላተኛው በድንጋይ ነው የተፈጨው እላለሁ ብሏል።"

አፌን ከመክፈቴ በፊት እናቴ ዝም እንድል እጇን አነሳችብኝ። ቲቶ ያለው እሷ ራሷ ማንም ሳያዛት አራት ወር ስታደርገው የኖረችውን ነው። እሺ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ።

"እኔ የዋሸሁት ፈርቼ ነው" አለች። "እሱን ደግሞ ምን ያስፈራዋል? ደውልለት።"

ጓዳ ገብታ ብሌንደሩን አወጣችው። ማራዘሚያውን በመስኮት አሳለፈችና በረንዳው ላይ፣ በሰው ፊት ሰካችው። ዝንጅብሉን ከታች፣ ቃሪያውን ከላይ አድርጋ ክዳኑን በግራ እጇ ያዘች። ቲቶ "ሃሎ ጋሼ" ሲል ቁልፉን ተጫነችው።

"አልሰማም ጋሼ!... እሱ ነው የሚጮኸው!... አይ፣ ጓዳ አይደለም፣ በረንዳ ላይ ነው!... አዎ፣ ሰው ያያል!"

ጎረቤታችን ወርቅውሃ በአጥሩ ላይ አንገቷን አወጣች። እናቴ አየቻት፤ ግን አላጠፋችውም። ስታጠፋው ቲቶ ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ፣ "ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል ይላል" አለን።

"ዓመለወርቅ ፈጨችው ይበል። በምን ካሉት በኤሌክትሪክ ይበል። ካልተስማማው ይተወው፤ ይህንን ባልዲ የሚፈልግ ሥጋ ቤት በዴሳ ከተማም አለ።"

ቲቶ ቃል በቃል አደረሰ። ከዚያ ስልኩን ከጆሮው ራቅ አድርጎ ያዘው።

"ምን አለ?" አልኩት።

"ይሳደባል። ግን ለነገ ጠዋት ይድረስልኝ ይላል።"

"ይሳደብ" አለች እናቴ። "ባልዲዎቹን ወዲህ በል።"