የፍሪጅ ሠሪው ምክንያት

ፍሪጅ ሠሪው ሃያ ዓመት ሙሉ አስቦበት አያውቅም። የተበላሸ ፍሪጅ ሲመጣለት ቱቦውን ቆረጥ ያደርግና ውስጡ የቀረውን ጋዝ «ፍስስ» አድርጎ ይለቀዋል፤ አለቀ። ጋዙ አይታይ፣ አይሸት፤ ማን ይጠይቀዋል?

የጠየቀችው የስድስት ዓመት ልጁ ናት። ትምህርት በሌለበት ቀን ሱቁ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች ታየው ነበር።

«አባዬ፣ የት ሄደ?»

«ማን?»

«ፍስስ ያለው።»

«ወደ ላይ።»

«ላይ ሄዶ ምን ይሆናል?»

«ምንም አይሆንም» አላት። ውሸቱን ነው። ጋዙ ሙቀት አፍኖ ምድርን እንደሚያግል አንድ የሙያ ስልጠና ላይ ሰምቷል፤ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው የወጣ መስሎት ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጋዙን ለመልቀቅ እጁ እምቢ አለው። ከአሮጌ ኮምፕረሰር ጋዝ የሚስብ መሣሪያ ሠራ፤ ባዶ ሲሊንደር ፈልጎ አመጣና ጋዙን ያጠራቅም ጀመር። የአምስት ደቂቃው ሥራ አርባ ደቂቃ ሆነ።

አብሮት የሚሠራው የሚስቱ ወንድም ሁለት ሳምንት ሲያየው ቆየና፣ «ጋሼ፣ ማን አዝዞህ ነው?» አለው።

«ማንም።»

«ከተማው ሁሉ እየለቀቀ ያንተዋ ምን ልትፈይድ? ደንበኛ እኮ እየሸሸን ነው።»

እውነቱን ነው። ጎንበስ ብሎ ቱቦውን ጠበቅ አደረገ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከዩኒቨርሲቲ የመጣች አጥኚ በሩ ላይ ቆመች። ወላጆች ማንም ሳያስገድዳቸው ለአየር ንብረት የሚያደርጉትን ነው የምታጠናው፤ ስለ እሱ ከጎረቤት ሰምታለች። ቅጿን ዘረጋች።

«ያነሳሳዎት ምንድን ነው? የልጅዎ የወደፊት ሕይወት ልበል?»

«በይ» አላት። ምልክት አድርጋ፣ አመስግናው ወጣች።

ያኔ ራሱን ይጠይቅ ጀመር። ለልጁ ቢሆን ኖሮ ገና ስትወለድ አይጀምርም ነበር? ወይስ ስለዋሻት አፍሮ ነው? እልህ ይሆን? ጥግ ላይ ሥዕል ወደምትቀባው ልጁ ዞረ።

«ያን ቀን ጋዙ የት ሄደ ብለሽ የጠየቅሽኝ ትዝ ይልሻል?»

«የምን ጋዝ?» አለች ቀና ሳትል።

ጭራሽ ግራ ገባው። መፍቻውን ጥሎ አጥኚዋን ተከትሎ ሮጠ፤ መንገዱ ማዶ ደረሰባት።

«እህቴ፣ ያንን ሰርዢልኝ።»

«ምን ብዬ ልተካው?»

እያለከለከ አሰበ። «አያውቀውም በይ።»

«እንደሱ የሚል ምርጫ የለውም» አለች፤ ቢሆንም ከቅጹ ግርጌ በእጇ ጻፈችለት። «እንግዲህ ይተዉታል?»

«ኧረ ለምን ብዬ?» አላት። ለምን እንደማይተወው ብትጠይቀው ግን እሱንም አያውቅም።

ሲመለስ የሚስቱ ወንድም የደንበኛ ፍሪጅ ከመኪና ለማውረድ ብቻውን ሲታገል አገኘውና በአንድ ጎን ያዘለት። ግማሽ መንገድ ላይ፣ ያሰረዘው እኮ ትክክለኛውን መልስ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ መጣበት። ቀና ብሎ ወደ መንገዱ አየ፤ አጥኚዋ ገና ከዓይኑ አልራቀችም። ፍሪጁ ግን ከባድ ነበር፣ የሚለቀቅም አልነበረም።

«በቀስታ፣ በቀስታ» አለ የሚስቱ ወንድም።