ያልተነቃነቀ አይታይም

ታረቀኝ አንድ ነገር ከያዘ ያዘ ነው። ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር ሲያስተምር ይውልና ቤቱ ሲገባ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ የሰርጉ ሲዲ ላይ ይደፋል። ሲዲው ደግሞ እንዴት ያለ ሲዲ! በ1995 ዓ.ም. ደምበጫ ላይ የተደገሰው ሰርጉ አለበት፣ የሚከፍተው ግን የለም። ካሜራማኑ ደመላሽ ከየት እንዳመጣው በማይታወቅ ፕሮግራም ገለበጠው፤ ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት ከጠፋ ቆየ፤ ዋናውን ካሴት ደግሞ ደመላሽ፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ የሌላ ሰው ሰርግ ቀረጸበት።

"እኔ አስታውሰው የለ? ቁጭ በልና ላውራልህ" ትለዋለች ሚስቱ ሥራነሽ።

እሱ የሚፈልገው ግን እሷም ያላየችውን ነው። አባቷ መሪጌታ አካለ ወልድ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ የእሳቸውን ቅኔ ቤት ጥሎ ኮምፒውተር ሊማር የሄደ ልጅ አማች ሆኖ ሲመጣ አልዋጥላቸው ብሎ ነበር። በሰርጉ ዕለት የወላጅ ጉልበት ሲሳም ታረቀኝ ጎንበስ ብሎ ምርቃት ጠበቀ። ከበሮው አይሎ አንድ ቃል አልሰማም። ቀና ሲል መሪጌታ ፊታቸውን አዙረዋል። ሥራነሽ ያኔ እናቷ ጉልበት ላይ ነበረች። አምና መሪጌታ ሲያርፉ ታረቀኝ እንደ ልጅ አለቀሰላቸው፤ ይቺ ነገር ግን ውስጡ ቀረች። መርቀውኛል ወይስ አልመረቁኝም?

ፋይሉን ቁጥር በቁጥር እየበተነ ሲያየው ከረመ። ቀስ በቀስ ጠባዩ ገባው። ፋይሉ ቆጣቢ ነው፤ ሙሉ ሥዕል የሚያስቀምጠው አልፎ አልፎ ነው፣ በመካከሉ የሚጽፈው የተነቃነቀውን ብቻ። ሙሉው ሥዕል አልፈታ አለው፤ የተነቃነቀውን ግን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ፈታው።

"ሥሬ! ነይ እስቲ!"

የምታሰጣውን ልብስ እንደያዘች ገባች። ስክሪኑ ግራጫ ነው፤ ግራጫው ላይ ትከሻ ብቻ እስክስታ ይመታል።

"በስመ አብ! ሰዎቹስ?"

"ያልተነቃነቀ አይታይም።"

"አጎቴ ፍሥሐስ?"

"የሉም።"

"ድሮም ሲጨፍሩ አይቻቸው አላውቅ!" ብላ በሳቅ ፈረሰች።

የጭፈራው ሥዕል ተቆረጠና ስክሪኑ ባዶ ሆነ። ታረቀኝ አወቀው፤ ጉልበት የሚሳምበት ሰዓት ነው። እሱ ጎንበስ እንዳለ ነው፣ አይታይም። መሪጌታም ቁጭ እንዳሉ ናቸው፣ አይታዩም። ድምፁ ደግሞ ገና አልተፈታም። እጁን ወደ ማውሱ ሰደደ።

"በቃ፣ ልዝጋው።"

"ቆይ እንጂ!" እጁን ያዘችው።

አንድ እጅ ብቅ አለ። ዝቅ ሊል ብሎ ተመለሰ፣ እንደገና ወረደና የታረቀኝ ራስ ካለበት ላይ ይዳስስ ጀመር።

"የአባዬ እጅ!" አለች ሥራነሽ።

ከእጁ በላይ ጢም ታየ፣ ከጢሙ መሃል ከንፈር። ከንፈሩ ብዙ ተንቀሳቀሰ። ቀጥሎ የጋቢ ጫፍ መጣና ዓይን አበሰ። ፊታቸውን ያዞሩት ከዚያ በኋላ ነው።

"መርቀውኝ ነበር እኮ" አለ ታረቀኝ። "እኔ ጅሉ፣ ስንት ዓመት ሙሉ!"

ሥራነሽም እንባዋ መጥቷል፤ ግን እሷ መቼ ዝም ትላለች? "ታዲያ አሜን አላልካቸውማ!"

ታረቀኝ መልሶ ከፈተው። ከወንበሩ ተነሥቶ ጎንበስ አለ፤ ዓይኑን ግን ከስክሪኑ አልነቀለም። ከንፈሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር "አሜን" ይላል፣ "አሜን፣ አባቴ፣ አሜን።"